ልጅዎ አስተማሪ ሲሆን፦ ጌም አሠራርን ለጀማሪ የሚያስረዱ ልጆች ምን ይማራሉ?

በብዙ ቤት ስለ ጌም የሚነሳው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። «በቃ ዝጋው!» «አምስት ደቂቃ ብቻ።» «ትናንትም እንዲሁ ብለህ ነበር!» ወላጅ ሰዓት ይቆጥራል፣ ልጅ ደቂቃ ይለምናል፤ ክርክሩ የሚያበቃው ባትሪው ሲያልቅ ወይም መብራት ሲሄድ ነው። የልጅዎ ዓይንና እንቅልፍ ያሳስብዎታልና ሰዓቱን መቁጠርዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰዓቱ ልጁ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደቆየ አይነግርዎትም።

እስቲ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጡ ሦስት ልጆችን ያስቡ። አንዱ ጌም ይጫወታል። ሁለተኛዋ የራሷን ትንሽ ጌም ትሠራለች። ሦስተኛው ታናሽ እህቱን አጠገቡ አስቀምጦ ጌም እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳታል። ከሳሎኑ በር ላይ ሆነው ሲያዩዋቸው ሦስቱም «ስክሪን ላይ ያፈጠጡ» ናቸው። በጭንቅላታቸው ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ግን ለየቅል ነው። ስለ መጀመሪያው ልጅ ብዙ ተብሏል። ስለ ሁለተኛዋ የኮዲንግ ማሠልጠኛዎች በየማስታወቂያቸው ይነግሩናል። ሦስተኛውን ግን ማንም ልብ አይለውም። ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ አብልጦ የሚማረው እሱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው የትምህርት ክፍያ ሳይሆን፣ አንድ ጀማሪ ብቻ ነው። ያ ጀማሪ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጌም መሥራት ሲባል ምን ማለት ነው?

በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ለዓመታት የሚደክሙበትን ጌም አያስቡ። በዓለም ዙሪያ ልጆች ከሚጀምሩባቸው መሣሪያዎች አንዱ «ስክራች» ይባላል። ኤም አይ ቲ በሚል ምህጻረ ቃል በሚታወቀው በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በፕሮፌሰር ሚቸል ሬዝኒክ የሚመራ ቡድን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ አቀረበው። በነጻ ይገኛል። በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት «ስክራች ጁኒየር» የተባለ ቀለል ያለ አቻ አለው። ልጁ ኮድ አይጽፍም፤ ባለቀለም ብሎኮችን እንደ ሌጎ ይገጣጥማል፣ የተገጣጠሙት ብሎኮች ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ይሆናሉ። ኮምፒዩተር ላይ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከሚመረጡት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛም አለ።

ልጅዎ ዶሮ ከድመት የምታመልጥበትን ጌም መሥራት ፈለገ እንበል። ሐሳቡ ለከተማችን እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የተሠራው «ኩኩሉ» የተባለው የስልክ ጌም የሚያሳየው ላለመታረድ የምትሮጥ ዶሮ ነው። የልጅዎ ጌም ከዚያ በጣም ያነሰ ይሁን። ዶሮዋ በኪቦርዱ ቀስቶች ትንቀሳቀሳለች፤ ጥሬ ስትለቅም ነጥብ ታገኛለች፤ ድመቱ ከነካት ጨዋታው ያበቃል። ይህንን ለመሥራት ልጁ ዶሮዋ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለች የሚናገሩትን ቁጥሮች፣ ቀስቱ ሲጫን የሚሆነውን ነገር፣ ድመቱ መንካቱ የሚታወቅበትን መንገድና ነጥቡ የሚቀመጥበትን ቦታ ማወቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ከአንድ የቪዲዮ ማሳያ ተገልብጦ ሊሠራ ይችላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

«ይሄኛው ለምን እዚህ ገባ?»

ዩቲዩብ እያየ ብሎክ በብሎክ የገለበጠ ልጅ ጌሙ ይሠራለታል። ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ድመቱ ያባርራታል፣ ቤተሰቡ ያጨበጭባል። ልጁም ገብቶኛል ብሎ ያምናል። በእርግጥ መግባቱ የሚፈተነው አንድ ጀማሪ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስሮ «ይሄኛው ለምን እዚህ ገባ?» ሲለው ነው።

«ድመቱ ዶሮዋን ከነካ ጨዋታው ይቁም» የሚለውን ትእዛዝ እንይ። ይህ ትእዛዝ ያለማቋረጥ በሚደግመው ብሎክ ሆድ ውስጥ መግባት አለበት። ለብቻው ከተቀመጠ ኮምፒዩተሩ ጌሙ ሲጀመር አንድ ጊዜ ብቻ ይፈትሻል። በዚያች ቅጽበት ድመቱ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ «አልነካትም» ብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ድመቱ ዶሮዋ ላይ ቢወጣባት እንኳ ኮምፒዩተሩ አያይም። የገለበጠ ልጅ ይህንን ሳያውቅ ብሎኩን በትክክለኛው ቦታ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል።

እህቱ ስትጠይቀው «ቪዲዮው ላይ እንደዚህ ስለሆነ» የሚለው መልስ አያስኬድም። እሷ ደግማ «እኮ ለምን?» ትላለች። ስለዚህ ብሎኩን አውጥቶ ያሳያታል። ድመቱ ዶሮዋን እየነካ ያልፋል፣ ምንም አይሆንም። ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ምሳሌ መፈለግ ይጀምራል፦ «በሩ መዘጋቱን ማታ አንዴ አይቶ የሚተኛ ዘበኛ አለ። ሌሊቱን ሙሉ እየዞረ የሚያይ ዘበኛም አለ። እኛ የምንፈልገው የሚዞረውን ነው።» እንዲህ ያለ ምሳሌ ከራሱ ሰፈር ያመጣ ልጅ በፕሮግራም ሥራ ውስጥ ድግግሞሽ የሚባለውን ሐሳብ በቀላሉ አይረሳውም።

ጀማሪ ሌላም ጸጋ አለው፤ የለመደ ዓይን የሚያልፈውን ያያል። ጌሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጀመር ነጥቡ ከ0 መነሳት ሲገባው ካለፈው ጨዋታ ከተረፈው 17 ላይ ይነሳል እንበል። ሠሪው ለምዶት አላስተዋለውም። እህቱ ግን «ገና ሳልጫወት 17 አገኘሁ!» ብላ ትጮኻለች። አሁን ልጁ ኮምፒዩተር ነጥቡን በራሱ እንደማይረሳ፣ ጌሙ በተጀመረ ቁጥር «ነጥቡን 0 አድርግ» የሚል ትእዛዝ ሊሰጠው እንደሚገባ ማስረዳት አለበት። ሲያስረዳ ጌሙንም ያርማል።

ይህንን ዘዴ ትልልቆቹ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድሪው ሀንትና ዴቪድ ቶማስ ለፕሮግራም ሠሪዎች በጻፉት የታወቀ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንዲት የጎማ ዳክዬ ያነሳሉ። ኮዱ እምቢ ያለው ባለሙያ ዳክዬዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ ይነግራታል። እሷ ምንም አትመልስም፤ እሱ ግን ሲያስረዳ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። ታናሽ እህት ከጎማ ዳክዬ በብዙ ትበልጣለች። መልሳ ትጠይቃለች፣ ሲሰለቻትም ትነሳለች።

የሚያውቅ ሰው የማይታየው ነገር

ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ይህንን ይሞክሩ። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ዘፈን በልብዎ ይያዙ፤ የልደት ዘፈን ሊሆን ይችላል። ሳያንጎራጉሩ ዜማውን በጣትዎ ጠረጴዛው ላይ ይምቱትና ቤተሰቡ ምን እንደሆነ ይገምት። ለእርስዎ ዘፈኑ ከነግጥሙ ይሰማዎታል። ለእነሱ የሚሰማቸው ኳ፣ ኳ፣ ኳ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ኒውተን ለዶክትሬት ጥናቷ ይህንኑ ሞክራ ነበር። 120 ዘፈኖች በጠረጴዛ ላይ ተመቱ፤ አድማጮቹ በትክክል ያወቁት 3 ብቻ ነው። መቺዎቹ ግን ከሁለት አንዱ ይታወቅልናል ብለው ገምተው ነበር። አንድን ነገር ካወቅን በኋላ አለማወቅ ምን እንደሚመስል ለማሰብ እንቸገራለን። ጎበዝ የሚባሉ መምህራን አንዳንዴ የማይገቡን፣ የመሥሪያ ቤት ቅጾችም ከጻፋቸው ሰው በቀር ለሌላው የሚያደናግሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለጀማሪ የሚያስረዳ ልጅ ይህንን ግድግዳ በልጅነቱ ይገጨዋል። «ዶሮዋን ወደ ነጌቲቭ 100 ውሰጃት» ይላል። እህቱ ነጌቲቭ ምን እንደሆነ አታውቅም። በስክራች መድረኩ መሃል ላይ ቁጥሩ 0 ነው፤ ወደ ቀኝ እስከ 240 ይሄዳል፣ ወደ ግራ እስከ ነጌቲቭ 240፤ ወደ ላይ 180፣ ወደ ታች ነጌቲቭ 180። ለልጁ ይህ እንደ ቤቱ መንገድ ግልጽ ነው። ለእህቱ ግን ከዜሮ በታች ቁጥር መኖሩ ራሱ ተአምር ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሶ «እኔ ይህንን ሳላውቅ በፊት ምን ነበር ያሰብኩት?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ምናልባት አሳንሰር ያስታውሳል፦ መግቢያው 0፣ ሦስተኛ ፎቅ 3፣ መኪና የሚቆምበት ምድር ቤት ነጌቲቭ 1። የሌላን ሰው አለማወቅ ሳይንቁ ማየት መቻል ትልቅ ሰው የሚያደርግ ችሎታ ነው፤ እናም ልጁ እየተለማመደው ያለው በዶሮና በድመት ነው።

ይህ ከጌም ሥራ ውጭ የሆነ ተጨማሪ በጎነት እንዳይመስልዎ። የጌም ሥራ ልቡ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ያስታውሱ ይሆናል። የጌሙ ፈጣሪ ሽገሩ ሚያሞቶ መጀመሪያውን ደረጃ ያዋቀረው ተጫዋቹ ማብራሪያ ሳያነብ ጨዋታውን እየተጫወተ እንዲማር አድርጎ ነው። ማሪዮ በስክሪኑ ግራ በኩል ይቆማል፤ በስተቀኝ ባዶ ሜዳ አለ፤ ስለዚህ እጅ በራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወዲያው አንድ ትንሽ ጠላት ይመጣል። ያልዘለለ ይሞታል፤ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ስለሆነ የሚያጣው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ይዘላል። ጌም ሠሪው ከጀማሪው አጠገብ ሳይቀመጥ ለጀማሪው አስረድቶታል። እህቱ የት ቦታ እንደምትደናገር እያየ ጌሙን የሚያስተካክል ልጅ የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

በደቡብ አፍሪካ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሲሞር ፓፐርት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 «ሎጎ» የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ። በሎጎ ልጆች አንዲት ኤሊ እያዘዙ ቅርጽ ያስላሉ። ካሬ ለማሳል ኤሊዋን «ወደ ፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ታጠፊ» እያሉ አራት ጊዜ ማዘዝ ያስፈልጋል። ፓፐርት ልጁ ኮምፒዩተሩን ሲያስተምር ራሱ እንደሚማር ያምን ነበር።

እዚያው ኤም አይ ቲ የነበረችው ኢዲት ሃረል ይህንን ሐሳብ አንድ እርምጃ ወሰደችው። በቦስተን ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች የ3ኛ ክፍል ልጆችን ክፍልፋይ የሚያስተምር ፕሮግራም በሎጎ እንዲሠሩ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ እንዳቀረበችው፣ እነዚህ ልጆች በክፍልፋይም ሆነ በፕሮግራም ሥራ ሐሳቡን በተለመደው መንገድ ከተማሩት ክፍሎች የተሻለ ተረድተው ተገኙ። ለታናናሾቻቸው ምሳሌ ሲፈልጉ ክፍልፋይን ከደብተር ውጭ፣ በቤትና በፀሐይ ሥዕል ላይ ሳይቀር ማየት ጀምረው ነበር። ያስሚን ካፋይ ደግሞ ተመሳሳዩን ሥራ በጌም ሞከረችው፤ የ4ኛ ክፍል ልጆች ታናናሾቻቸውን ክፍልፋይ የሚያስተምር ጌም ለወራት ሠሩ። ጥናቷ እ.ኤ.አ. በ1995 በመጽሐፍ ወጥቷል።

ሌላው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች «ቤቲ» የምትባል በኮምፒዩተር ውስጥ ያለች ገጸ ባሕርይ የሥነ ሕይወት ትምህርት እንዲያስተምሩ ተደረገ። ቤቲ የምታውቀው ልጆቹ ያስተማሯትን ብቻ ነው፤ እነሱ ከተሳሳቱ እሷም ፈተና ላይ ትሳሳታለች። ለቤቲ ሲሉ ያጠኑት ልጆች ለራሳቸው ብቻ ካጠኑት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አጠኑ፤ የበለጠም ተማሩ። ለወላጅ ትልቁ ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በትምህርታቸው ዝቅ ባሉት ልጆች ላይ ነበር። «የኔ ልጅ ገና ነው፣ መጀመሪያ ራሱ ይወቅ» ብለው የሚጠብቁ ከሆነ፣ ይህንን ልብ ይበሉ።

ነገሩ ለእኛም አገር አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ፊደል ሲያስቆጥር፣ ንባብ ሲያስጠና ኖሯል። ዛሬም እ.ኤ.አ. በ2011 በአየርላንድ የተጀመሩት «ኮደር ዶጆ» የተባሉ ነጻ የልጆች የኮምፒዩተር ክበቦች በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ ቀድሞ የተማረ ልጅ አዲስ የመጣውን ይረዳል።

ኮምፒዩተሩ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው

ልጅዎ ጌም ሠሪ ላይሆን ይችላል። ሐኪም፣ ነጋዴ፣ የሕግ ባለሙያ ይሆን ይሆናል። ከማስረዳቱ የሚተርፈው ነገር ግን የትም አብሮት ይሄዳል።

አንደኛው ቋንቋ ነው። ብዙ የከተማ ልጆች የኮምፒዩተር ነገርን የሚያውቁት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለአያት ማስረዳት ሲመጣ ግን እንግሊዝኛው አያዋጣም። ጌሙ ነጥቡን የሚይዝበትን ቦታ ምን ይበለው? «እማማ፣ ሳንቲም እንደሚጠራቀምባት ሙዳይ ነው፤ ዶሮዋ ጥሬ በለቀመች ቁጥር አንድ ይጨመርበታል» ያለ ልጅ ሁለት ነገር ተምሯል፤ ሐሳቡንም፣ አማርኛውንም። ዘመድ ውጭ አገር ካለዎት ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። ስክራች ላይ ቋንቋው ሲቀየር ብሎኮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ አብሮ ይቀየራል፤ ጌሙ ግን ያው ነው። ዋሽንግተን ያለው ያክስት ልጅ በእንግሊዝኛ፣ አዲስ አበባ ያለችው በአማርኛ ከፍተው አንዱን ጌም በቪዲዮ ስልክ ሊያስረዳዱ ይችላሉ። አማርኛው እየጠፋበት ላለ ልጅ፣ ለመናገር ምክንያት የሚሆን ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ትዕግሥት ነው፤ እጅ መሰብሰብ ቢባል ይሻላል። የሚያውቅ ልጅ ጀማሪው ሲዘገይ ማውሱን ይነጥቃል፣ በሦስት ሰከንድ ይሠራዋል፣ «ይኸው» ይላል። ጀማሪው ምንም አልተማረም። «ማውሱ የተማሪው ነው» የሚል አንድ ሕግ ቤት ውስጥ ይኑር። አስተማሪው በቃል ብቻ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ያንገበግባል። በሳምንታት ውስጥ ግን ልጁ «እዛ ጋ» ማለቱን ትቶ «በስተግራ ያለው ቢጫው ብሎክ» ማለት ይጀምራል።

ሦስተኛው «አላውቅም» ማለት ነው። ጀማሪ አስተማሪው ያላሰበውን ይጠይቃል፦ «ዶሮዋ ከስክሪኑ ብትወጣ የት ትሄዳለች?» ልጁ ቢያፍር ይዋሻል። ካላፈረ «አላውቅም፣ እንሞክረው» ይላል። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው።

በእርስዎ ቤት እንዴት ይጀመር?

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ እሱም እኛው ነን። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባልን አድገናል። ልጅ አዋቂን ሲያስተምር ማየት ለብዙዎቻችን ምቾት አይሰጥም፤ ድፍረት ይመስለናል። ስለዚህ ሲያስረዱን ስልካችንን እያየን «እሺ፣ ጎበዝ» ብለን እንሸኛቸዋለን። ልጁ የሚገባው መልእክት ግልጽ ነው፦ የማውቀው ነገር ለትልልቆች ቁም ነገር አይደለም። ለልጅ ጆሮ መስጠት ደግሞ ክብር አይቀንስም። አባት ካልገባው «ልጄ፣ እስቲ ድገምልኝ» ሲል ልጁ የሚማረው ንቀትን ሳይሆን፣ ትልቅ ሰውም እንደሚማር ነው።

የማያውቁ መስሎ መታየት አያስፈልግም፤ ልጆች ማስመሰልን ቶሎ ይደርሱበታል። አብዛኞቻችን በዚህ ነገር እውነተኛ ጀማሪዎች ነን። ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወላጅ ከሆኑ ግን ቦታውን ለሌላ ይልቀቁ፤ አያት፣ አጎት፣ የጎረቤት ልጅ ይቀመጥ።

ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። ጥያቄዎ ጥቂትና እውነተኛ ይሁን፦ «ይሄ ብሎክ ባይኖር ምን ይሆናል?» «በሌላ ምሳሌ ልትነግረኝ ትችላለህ?» «አሁን እኔ ብቻዬን ልሞክር?» የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ጀማሪው ብቻውን መሥራት ካልቻለ ማስረዳቱ አላለቀም ማለት ነው፤ ይህንን ልጁ ራሱ ያየዋል፣ እርስዎ ነጥብ መስጠት አያስፈልግዎትም። ፈተና አያድርጉበት። እንግዳ ሲመጣ «ና አሳያቸው» ብለው አደባባይ አያውጡት። ከስሜቱ ውጭ የሆነውንም አያስገድዱ፤ መሥራት እንጂ ማውራት የማይወድ ልጅ ስለ ጌሙ በወረቀት ላይ ባለሥዕል መመሪያ ቢያዘጋጅ ያው ነው።

አንድ ላፕቶፕ ለሁለት ልጆች ከሆነ ማውሱ ማን እጅ ላይ እንደሚያድር ይመልከቱ። ታላቁ ወይም ወንዱ ይዞት ሴቷ ዘወትር ተመልካች ከሆነች፣ ተራ ያስይዟቸው። እሷም ታስረዳ፤ እሱም ይጠይቅ።

ኮምፒዩተር ከሌለ ወይም መብራት ከሄደ ልምምዱ ያለ ኮምፒዩተር ይሠራል። ልጅዎ ሻይ እንዴት እንደሚፈላ ይንገርዎትና ያለውን ቃል በቃል ይፈጽሙ። «ውኃ አፍላ» ካለ ማንቆርቆሪያው ምድጃ ላይ መቀመጡን፣ ምድጃው መለኮሱን እስኪነግርዎት ድረስ ቆመው ይጠብቁ። «ስኳር ጨምር» ሲል ጣሳውን ሙሉ አንስተው «ሁሉንም?» ይበሉት። ይስቃል፤ ሁለተኛው መመሪያው ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ይሆናል። ለማያውቅ ሰው የገበጣን ሕግ ማስረዳትም ጥሩ ልምምድ ነው።

ስለ ደኅንነት ጥቂት ቃል። ስክራች ላይ ልጆች ሥራቸውን ለሌሎች ማጋራት ይችላሉ። ልጅዎ ይህንን ከፈለገ መለያ ስሙ እውነተኛ ስሙ አይሁን፤ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ፎቶውንና ስልክ ቁጥሩን እንዳያስገባ አብረውት ያረጋግጡ። ማጋራት ግዴታ አይደለም። አንድ ታናሽ እህትና አንዲት አያት በቂ ታዳሚ ናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «በቃ ዝጋው» ከማለትዎ በፊት ወንበር ስበው ይቀመጡና «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለው ይጠይቁት። ማውሱን ይሰጥዎታል፣ ይነግርዎታል፣ ይፈጥንብዎታል። በመጨረሻም «ገባሽ?» ወይም «ገባህ?» ይላል። ለማስደሰት ብለው «አዎ» አይበሉት። ካልገባዎት «አልገባኝም» ይበሉት። ያን ጊዜ ልጅዎ ዝም ይላል፣ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፣ ሌላ ምሳሌ ይፈልጋል። አይቸኩሉ፣ ይጠብቁት።